ቀኝ ዓይኗ በጠብታ፣ ግራ ዓይኗ በውኃ

ልጄ ዓይኗን የምታሽበት የራሷ መንገድ ነበራት። እንደ ሌሎች ልጆች በጣቷ ጫፍ አልነበረም። እጇን አጥፋ በጀርባው በኩል ትፈትገዋለች፤ መጀመሪያ ቀኙን፣ ቀጥሎ ግራውን፣ ከዚያ ሁለቱንም ባንድ ላይ። ድምፅ ነበረው፤ እርጥብ ጨርቅ ሲታሽ የሚሰማ ዓይነት። ጀርባዬን ሰጥቻት ሽንኩርት እየከተፍኩ እንኳ ስለምሰማው ዞር ሳልል "ተይ!" እላት ነበር። ለጊዜው ትተዋለች፤ ከዚያ እንደገና ይሰማኛል።

የሚነሣባት ክረምቱ ወጥቶ ሜዳው አበባ ሲለብስ ነው። መስከረም ላይ ይጀምርና ውቂያ እስኪያልቅ ይቆያል፤ አንዳንድ ዓመት እስከ ጥር ይዘልቃል። የዓይኗ ነጭ ይደፈርስና የጎርፍ ውኃ ይመስላል። ጠዋት ስትነሣ ከዓይኗ ጥግ ነጭ ዓይናር አለ፤ በመሐረብ ጫፍ ይዤ ስስበው ሳይበጠስ እንደ ክር እየተመዘዘ ይወጣል። ፀሐይ ላይ አንገቷን ደፍታ ነው የምትሄደው። በሰባት ዓመቷ አንደኛ ክፍል በገባች በሦስተኛው ሳምንት መምህሯ ወደ ቤት ላከቻት። ደብተሯ ጀርባ ላይ "የዓይን ሕመም ስላለባት ሳይሽራት እንዳትመጣ" ተብሎ ተጽፏል።

እኔን ያስፈራኝ ትምህርቷ አልነበረም፤ ትምህርት ይካካሳል። የአባቴ እናት ዓይናቸው የጠፋው በዓይን ሕመም ነው። ልጅ ሆኜ ቤታችን ውስጥ ግድግዳ እየዳሰሱ ሲሄዱ አይቻቸዋለሁ፤ ሰው የተቀመጠበት በርጩማ ላይ ሊቀመጡ ሲሉ አይቻለሁ። እንዴት እንደጀመራቸው ሲጠየቁ "ያሳክከኝ ነበር" ይሉ ነበር። ሌላ ዝርዝር አልነበራቸውም። ልጄ እጇን ወደ ዓይኗ ባነሣች ቁጥር የሚታየኝ ያ ግድግዳ ነበር።

ደርግ በገባ በጥቂት ዓመቱ ነው። ደብረ ብርሃን በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ፤ ቀኑን ሙሉ የጽሕፈት መኪና እመታለሁ። ባለቤቴ አንኮበር ያስተምራል፤ በየአሥራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ ይመጣል። የምንኖረው አራት ቤት በአንድ አጥር በሚያድርበት ግቢ ውስጥ ነበር።

በመጀመሪያው ዓመት ከጤና ጣቢያ ቢጫ ቅባት ተሰጠን። ዐሥር ቀን ቀባኋት። ሽፋሽፍቷ ተጣብቆ ከማደሩ በቀር ለውጥ አላየሁም። በሁለተኛው ዓመት መስከረም ላይ አንኮበር አማቴ ዘንድ ወሰድኳት። አማቴ የቄስ ልጅ፣ የቄስ ሚስት ናቸው። የልጅቷን አገጭ ይዘው ወደ ብርሃን አዙረው አዩና፣

"ቅንድቧን በምላጭ ነካ ነካ አድርገን ደሙ ይውጣላት" አሉ።

"ከባለቤቴ ጋር ልማከር፣ እማማ።"

"ባለቤትሽን የወለድኩት እኔ ነኝ፤ እኔ አማክረዋለሁ።"

ባለቤቴ እዚያው ተቀምጧል። በሁለቱም ቅንድቦቹ ላይ የምላጩ ምልክት እስከ ዛሬ ይታያል። መሬት መሬት እያየ "መጀመሪያ ጠበሉን ብንሞክር" አለ። አማቴ በጠበል ላይ ክርክር ስለማይገጥሙ በዚህ ተስማማን። ሰባት ጠዋት ወሰድናት። ውኃው በረዶ ነው። ፊቷን ሲነካት ትንፋሿ ይቆማል፤ ሲያልፍላት ግን ለሁለት ሰዓት ያህል ዓይኗን አትነካም።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ዝናብ ስለነበር ጠበል አልወረድንም። ሌሊቱን ውጭ ባደረ እንስራ ውኃ አጠብኳት። ያው ሁለት ሰዓት ያህል ተዋት። ይህን ለአማቴ አልነገርኳቸውም። ለባለቤቴም አልነገርኩትም። ጠበሉን ንቄ አይደለም፤ ዛሬም እጠመቃለሁ። ግን ያዳናት ጠበሉ ይሁን፣ ቅዝቃዜው ይሁን ወይስ አቧራውን ያጠበው የአንኮበር ጉም፣ መለየት አለመቻሌ ከነከነኝ። ዘጠነኛ ክፍል ሳለን የሳይንስ መምህራችን በሁለት ጣሳ ባቄላ ተክሎ አንዱን መስኮት ላይ፣ አንዱን ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀምጦ ነበር። "አፈሩ አንድ፣ ውኃው አንድ፤ የሚለያየው ብርሃኑ ብቻ ነው" ብሎናል። አንኮበር ላይ የሆነብኝ የዚህ ተቃራኒ ነበር፤ ሁሉንም ባንድ ጊዜ ለወጥኩት።

ወደ ደብረ ብርሃን ስንመለስ ሕመሙ ተነሣባት። አንድ ጤና ረዳት ቀይ ክዳን ያላት ትንሽ ጠርሙስ ሰጠኝ። "ሦስት ቀን ብቻ። ቢበዛ አምስት" አለኝ። በሁለተኛው ቀን የዓይኗ ነጭ እንደ እንቁላል ነጣ። ትምህርት ቤት ተመለሰች። የግቢው ሴቶች ተራ በተራ መጥተው አዩዋት። በአምስተኛው ቀን አቆምኩ፤ በዐሥረኛው ቀን ተመልሶ መጣ።

ያኔ በግቢያችን የአንዱ ቤት ወንፊት የሁሉም ቤት ወንፊት ነበር። ፋስ፣ ሙቀጫ፣ ፍም፣ መርፌ ይዞራል። ራስ ምታት ላይ የሠራ ክኒን ከቤት ቤት ይዞራል። ቀይ ክዳኗም እንዲሁ ዞረች። እንድትዞር ያደረግኩት እኔ ነኝ። ከጎናችን የሚኖሩት ሴትዮ አልዩ አምባ ተወልደው ያደጉ፣ በርበሬ የሚነግዱ፣ አምሳ ዓመት ያለፋቸው ነበሩ። ቀኑን በሙሉ በርበሬ ውስጥ ስለሚውሉ ዓይናቸው ይቆጠቁጣቸዋል። "እስቲ ለእኔም አንዴ ጣል አድርጊልኝ" ሲሉኝ አስተኝቼ አንድ አንድ ጠብታ ጨመርኩላቸው። በማግስቱ "አልሐምዱሊላህ! አዲስ ዓይን ነው የሰጠሽኝ" አሉ። ከዚያ በኋላ በአሰብ መንገድ ከሚመላለሱ ሾፌሮች የራሳቸውን ማስመጣት ጀመሩ።

በሦስተኛው ዓመት ነሐሴ መጨረሻ አንዲት የዓይን ሐኪም ከአዲስ አበባ ለጥቂት ቀን መምጣቷን ሰማሁ። የውጭ አገር ሴት ናት። የምትችለው አማርኛ "ወደ ላይ"፣ "ወደ ታች" እና "አይዞሽ" ብቻ ነው። አብራት የመጣች ጠና ያለች ነርስ ታስተረጉምላታለች። ሐኪሟ ጥጥ በተጠቀለለበት ቀጭን እንጨት የልጄን የላይኛውን የዓይን ቆብ ገለበጠችው። አየችና እኔንም በእጇ ጠራችኝ። ጎንበስ ብዬ አየሁ። የቆቡ ውስጥ ለስላሳ መሆን ሲገባው ሮዝ ቀለም ያለው ክክ ምስር የተነጠፈበት ይመስላል፤ እያንዳንዱ ፍሬ ከጎኑ ካለው ጋር ገጥሟል። ሦስት ዓመት ሙሉ ያን ሁሉ ውስጧ ይዛ ነበር የምታየኝ።

ሐኪሟ ረዘም አድርጋ ተናገረች። ነርሷ ጨርሳ ሰማችና፣

"አለርጂ ነው አለች" አለችኝ።

"ይህን ሁሉ ተናግራ?"

"ሌላው ዝርዝር ነው።"

"ዝርዝሩን ንገሪኛ።"

"አንቺ ደግሞ! ውጭ ያለውን ሰልፍ አላየሽም?" አለችና ግን ነገረችኝ። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ከአበባና ከእህል የሚነሣው ብናኝ ሲነካው ሰውነቷ ይቆጣል። ብዙዎቹ ልጆች ሲጎረምሱ ይተዋቸዋል። እስከዚያ ድረስ ዓይኗን መጠበቅ ነው።

ከቦርሳዬ ባዶዋን ባለ ቀይ ክዳን ጠርሙስ አውጥቼ ለሐኪሟ ሰጠኋት። ጽሑፉን አነበበችና ጣቷን ወዲያና ወዲህ አወዛወዘች።

"ይቺ ፈጣን ናት" አለች ነርሷ። "ግን ስትቆይ በአንዳንድ ሰው ዓይን ውስጥ ግፊት ታነሣለች። ግፊቱ አያምም፣ አይቀላም። ከዳር ከዳር እያለ ማየት ይቀንሳል፤ ሰውየው የሚያውቀው መሀሉ ላይ ሲደርስ ነው። የሄደው ደግሞ አይመለስም። ይቺን የሚሰጥ ሰው እየለካ ነው የሚሰጠው።"

"ሌላ ምን አለ?"

"ሌላ ጠብታ አለ፣ ዘገምተኛ። እሳቱ እንዳይነሣ ነው እንጂ የተነሣውን አታጠፋም። በቀን አራት ጊዜ፣ አበባው ሳይወጣ ጀምራችሁ። ሁለት ሳምንት ምንም ባታዪ እንዳትተይው ብላለች።"

ለመምህሯም የማይተላለፍ መሆኑን የሚገልጽ ወረቀት ጻፈችልኝ። የባለቤቴ ወንድም ከአዲስ አበባ ነጭ ክዳን ያላቸው ሁለት ጠርሙሶች ገዝቶ ላከልን።

አሁን የምጽፈውን ለመጻፍ ብዙ ጊዜ አመንትቻለሁ። አዲሱን ጠብታ በቀኝ ዓይኗ ብቻ አደረግኩ። ግራውን ጠዋትና ማታ በቀዝቃዛ ውኃ በተነከረ ጨርቅ ብቻ አከምኩት። መድኃኒቱ እንዳያልቅብኝ ነው ብል ውሸት ይሆናል፤ አንዴ ከተከፈተ ዕድሜው አንድ ወር ነው፣ ቆጠብኩትም አልቆጠብኩትም። ማወቅ ስለፈለግኩ ነው። አንድ ልጅ፣ አንድ አቧራ፣ አንድ ፀሐይ፤ የሚለያየው ጠብታው ብቻ። እንዲህ ያለ ምቹ ነገር ከጣሳ ባቄላው ወዲህ አላጋጠመኝም ነበር።

በደብተር ላይ ሰንጠረዥ አሰመርኩ። ቀን፣ ነፋስ፣ ቀኝ፣ ግራ። ሦስት ማለት ዕረፍት የሚነሣ፣ ዜሮ ማለት ደህና። ጠዋት፣ ለምሳ ስመጣ፣ ከሥራ ስወጣና ከመኝታ በፊት ጨመርኩላት። የመጀመሪያው ሳምንት ሁሉም ሦስት ነው። በስምንተኛው ቀን ልጄ ጭኔ ላይ ራሷን እንዳሳረፈች፣

"እማዬ፣ ግራ ዓይኔ ምን አደረገሽ?" አለችኝ።

"ምንም አላደረገኝም። የትኛው እንደሚሻል እያየን ነው።"

"ለቀኙ የሚሻለው ለግራው አይሻልም?"

"እሱን ነው የምናየው።"

የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት፤ እናቷ የምታውቀውን እንደምታውቅ ታምናለች።

በዐሥራ ሁለተኛው ቀን ቀኝ አንድ ሆነ። ደስ አለኝ። ግራውን ገልጬ አየሁት፤ እሱም አንድ ነው። በዐሥራ አምስተኛው ቀን ሁለቱም ዜሮ። ደብተሩ ላይ ግራ በሚለው ሥር ዜሮ ጽፌ ብዙ ጊዜ ስመለከተው ቆየሁ። ውጭ ነፋስ ነበር፤ የጎረቤት ልጆች ያስነጥሳሉ።

እንዴት ሊሆን እንደሚችል ብዙ አሰብኩ። ጠብታው ከዓይን ወደ ጉሮሮ እንደሚወርድ ልጄ ነግራኛለች። እንግዲህ ከዓይን ወደ አፍንጫ መንገድ አለ ማለት ነው። ከአንዱ ዓይን ወደ አፍንጫ የወረደ ደግሞ ከአፍንጫ ወደ ሌላው ዓይን ለምን አይወጣም? ሥዕል ሣልኩለት። ሥዕሉን ይዤ ያን ቀይ ክዳኗን የሰጠኝን ጤና ረዳት ጠየቅኩት። ሣቀብኝ።

"እህቴ፣ እንደሱማ ቢሆን በአንድ ጠርሙስ አገር እናክም ነበር።"

ሣቁ አላሳመነኝም። ጠብታው ይሻገራል ብዬ ደብተሬ ላይ ጻፍኩ፤ ከሥሩም አሰመርኩበት። በዚያ እምነት ሁለት ወር ሄድኩ። ልጄ ትምህርት ቤት ውላ ትመጣለች፣ ዓይኗ ነጭ ነው፣ መምህሯ ወረቀቱን ተቀብላ ዝም ብላለች። ሰንጠረዡ ሁሉ ዜሮ ነው።

ኅዳር ላይ አንድ እሑድ ጠዋት ጠብታውን ስጨምርላት ጣዕሙ ምን እንደሚመስል ማወቅ ፈለግኩና አንድ ፍሬ ምላሴ ላይ ጣል አደረግኩ። ምንም አይልም።

"ጉሮሮሽ ሲደርስ ምን ምን ይላል?" አልኳት።

"ያንቺ ምንም አይልም። የሚመረው የእማማ ነው።"

"የማን እማማ?"

ራሷን ከጭኔ አንሥታ ተቀመጠች። በዚያ ጊዜ ልጄ ውሸት አታውቅም ነበር፤ ዝም ማለት ብቻ ነበር የምታውቀው።

ልጄ እማማ የምትላቸው ጎረቤቴ ደጃፋቸው ላይ ሰሌን አንጥፈው የበርበሬ ዛላ ይቀነጥሳሉ።

"እትዬ፣ ልጄ ዓይን ውስጥ ጠብታ ይጨምራሉ?"

"እጨምራለሁ። ምነው?"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ትምህርት ቤት ከተከፈተ ወዲህ፣ ከትምህርት ቤት በመጣች ቁጥር። አንቺ ከሥራ ወደ ስብሰባ፣ ከስብሰባ ወደ ሰልፍ። ወላሂ፣ አንድ ቀን ግራ ዓይኗን በግንቡ ጥግ ስታሽ ነው ያገኘኋት። እንደ በግ! አላስቻለኝም።"

"በሁለቱም ዓይኗ?"

"ታዲያ አንዱን ልተውባት? እኔ እንዳንቺ አልተማርኩም።"

"ለምን አልነገሩኝም?"

"ምኑን? ውኃ ሳጠጣት እነግርሻለሁ? ዳቦ ስቆርስላት ተነሽ ፍቀጂልኝ እልሻለሁ?"

"ዓይን ያጠፋል ብላለች ሐኪሟ።"

"እኔን ሁለት ዓመት አላጠፋኝ!" አሉና ዛላውን ሰሌኑ ላይ ጣሉት። "ደግሞ ማን አሳየኝ? አንቺ አይደለሽም አስተኝተሽ ያደረግሽልኝ? አሁን እኔ ክፉ ሆንኩ? የልጇን አንድ ዓይን አክማ አንዱን የምታስለቅስ እናት አይቼ አላውቅም።"

ልጄ በራችን ላይ ቆማ ትሰማለች። ወደ ቤት ገባሁ። ደብተሩን አውጥቼ ዜሮዎቹን ቆጠርኩ፤ የቆጠርኩት የተጨመረላትን ቀይ ክዳን መሆኑን እየቆየሁ ነው የተረዳሁት። ከሁለት ወር በላይ ነው። ጤና ረዳቱ ያለው ሦስት ቀን ነበር፣ ቢበዛ አምስት።

ወደ አዲስ አበባ ለመሄድ ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል። የቀበሌው ሰው ብዕሩን አንሥቶ "ምክንያት?" አለኝ። "የልጄን ዓይን ለማስለካት።" "ዓይንም ይለካል?" አለና "ሕክምና" ብሎ ጻፈ። እኔም እስከዚያ ቀን ድረስ እንዴት እንደሚለካ አላውቅም ነበር።

ሐኪሟንና ነርሷን በሚሠሩበት ሆስፒታል አገኘኋቸው። ልጄን በጀርባዋ አስተኟት። የሚያደነዝዝ ጠብታ ጨመሩላትና ሐኪሟ ትንሽ የብረት መሣሪያ በዓይኗ ላይ ቀጥ አድርጋ አቆመች። መሣሪያው እንደ ሰዓት መርፌ የሚመስል ነገር አለው። ዓይኑ ሲጠጥር መርፌው ትንሽ ይሄዳል፣ ሲለሰልስ ብዙ ይሄዳል፤ ይህን ነርሷ ጠይቄያት ነው የነገረችኝ። በልጄ ዓይን ላይ መርፌው የሄደው ትንሽ ነው። በሁለቱም ዓይን።

"ከፍ ብሏል" አለች ነርሷ። "ቀይ ክዳኗን ዛሬውኑ ታቆማለች። ከአምስት ሳምንት በኋላ ይለካል።"

"ይወርዳል?"

ነርሷ ጠየቀችልኝ። ሐኪሟ ትከሻዋን ነቀነቀች። ትርጉም አላስፈለገውም።

እነዚያ አምስት ሳምንታት ዝም ብለው አላለፉም። ቀይ ክዳኗ በቆመች በአራተኛው ቀን ዓይኗ ከበፊቱ ብሶ ተነሣ። ዘገምተኛውን ጠብታ በሁለቱም ዓይኗ እያደረግኩላት ነበር፤ እሱ ግን የተነሣ እሳት እንደማያጠፋ ተነግሮኛል። ውቂያው ደርሶ በከተማው ዳር ሁሉ እብቅ ይበናል። መምህሯ እንደገና ላከቻት፤ ወረቀቱን ይዤ ሄጄ እንደገና አስገባኋት። ለልጅቷ ሰፊ ጠርዝ ያለው የወንድ ባርኔጣ ገዛሁላት፤ ልጆቹ "ጓድ ሊቀ መንበር" እያሉ ይጠሯት ነበር፤ እሷም አልጠላችውም። ታኅሣሥ ሲገባ የደብረ ብርሃን ውርጭ ባልዲው ላይ ስስ በረዶ ይሠራል። ያን ሰብሬ ጨርቅ እነክርና ዓይኗ ላይ አደርግላታለሁ። ጥርሷ እየተንቀጫቀጨ "ትንሽ ጨምሪ" ትለኛለች።

ጎረቤቴ ለዐሥር ቀን ያህል አላናገሩኝም። አንድ ቀን ከስብሰባ ስመለስ ልጄን በእሳቸው ሰሌን ላይ ተኝታ አገኘኋት። ጠጋ ስል ዓይኗ ላይ ያለው እርጥብ ጨርቅ ነው።

"ጠብታውን ስትለምነኝ ነው የዋለችው" አሉ፣ ሳያዩኝ። "ለእናትሽ ባልምል ለአላህ ምያለሁ አልኳት። ጨርቁን ጥላ ሥር ሰቅዬው ነው የዋለው፤ ካንቺው ውኃ ይልቅ ይቀዘቅዛል።"

ነካሁት። እውነታቸውን ነው፤ ይቀዘቅዛል። ነፋስ ያገኘው እርጥብ ጨርቅ ከባልዲ ውኃ ለምን እንደሚበርድ ያን ቀን ሳስብ አመሸሁ። ከዚያ ወዲያ የከሰዓቱን ጨርቅ እሳቸው ያዙት።

ጥር መግቢያ ላይ ሁለተኛው ቀጠሮ ሲደርስ "እኔም እሄዳለሁ" አሉ። "ልጅቷ ተጎድታ ከሆነ በእኔ እጅ ነው። ቤት ቁጭ ብዬ ወሬ አልጠብቅም።" በአውቶቡሱ ልጄን መሀላችን አስቀመጥናት።

በዚህኛው ጊዜ ሐኪሟ ከመለካቷ በፊት ልጄን ፊት ለፊቷ ወንበር ላይ አስቀመጠቻት። አንዱን ዓይኗን በእጇ አስሸፈነቻት። "አፍንጫዋን ብቻ እያየሽ፣ ጣቷ ከጎን ሲመጣ 'አየሁ' በይ" አለቻት ነርሷ። ሐኪሟ ገና እጇን ሳታነሣ ልጄ፣

"አየሁ!" አለች።

"ምኑን?"

"የምታመጣውን።"

ነርሷ ሣቀች፤ እኔ አልሣቅሁም። እንደገና ጀመሩ። ሐኪሟ ጣቷን ከልጄ ጆሮ ኋላ ጀምራ ቀስ እያለች አመጣችው። እኔ ከጎን ቆሜ ጣቱን አያለሁ። በጉንጯ ትክክል ሳይደርስ "አየሁ" አለች። ከላይ። "አየሁ።" ከታች። ከግራ። ሁሉንም አየች። ከዚያ አስተኝተው ለኩ። ነርሷ መርፌውን በጣቷ አሳየችኝ፤ ራቅ ብሎ ሄዷል።

"ወርዷል" አለች።

ጎረቤቴ ግድግዳው ሥር ቆመዋል። ሁለት እጃቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው ረዘም ላለ ጊዜ ቆዩ። ከዚያ እጃቸውን አውርደው ወደ ወንበሩ መጡ።

"እስቲ ከመጣሁ አይቀር የኔንም ታየው" አሉ፣ በቀልድ ዓይነት። "በርበሬ ያላበላሸው ዓይን ነው።"

ቀኙ ደህና ሄደ። ግራ ዓይናቸውን ስትመረምር ሐኪሟ ጣቷን ከጆሯቸው ኋላ አመጣችው። ጉንጫቸውን አለፈ። እሳቸው አፍንጫዋን እያዩ ይጠብቃሉ። ወደ ፊታቸው መሀል ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው "አየሁ" አሉ። እንደገና አደረገችው። እዚያው ቦታ።

"ስታመጣው ዘገየች" አሉኝ ዞር ብለው።

"አዎ፣ እትዬ" አልኳቸው።

የዓይናቸው ግፊት የልጄ ከነበረው ይበልጥ ነበር። ሐኪሟ ስትናገር ነርሷ ይህን ጊዜ ምንም ሳታስቀር ቃል በቃል ተረጎመች። የጠፋው አይመለስም፤ የቀረውን ግን ግፊት በሚያወርድ ጠብታ ማቆየት ይቻላል፤ ሳያቋርጡ፣ ዕድሜ ልክ።

"እንግዲህ ለጠብታው መድኃኒት ሌላ ጠብታ ታዘዘልኝ?" አሉና ሣቁ። ሣቃቸው እውነተኛ ነበር። ሐኪሟም ሳይተረጎምላት ፈገግ አለች። እኔ ዓይኔን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

በሚቀጥለው ዓመት ዘገምተኛውን ጠብታ ነሐሴ አጋማሽ ላይ በሁለቱም ዓይኗ ጀመርኩ። ዓመቱ ከቀደሙት ሁሉ ይሻል ነበር። ነገር ግን በዚያ ዓመት ዝናቡ እስከ ጥቅምት ዘልቆ አቧራ የለም ነበርና፣ ጠብታው ነው ብዬ ለመማል አልችልም። አንዱን ዓይን ትቼ የማወቅ ፍላጎቴ ግን አልተመለሰም። ሐኪሟ እንዳለችው፣ ልጄ ዐሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላት ሕመሙ በራሱ ጊዜ ተዋት።

ለጎረቤቴ ጠብታቸውን በቀን ሁለት ጊዜ እኔ እጨምርላቸው ነበር፤ ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣና ማታ። ቅዳሜ ወደ ገበያ ስንወርድ ልጄ በግራቸው በኩል ሆና ትሄዳለች። ማንም አላዘዛትም። አህያ ሲመጣ "አህያ" ትላለች፤ እሳቸውም "አይቼዋለሁ" ይላሉ። አንዳንዱን በእርግጥም አይተውት ነበር።